አሮጌ ሰርቨርን የቤት ፋይል ማከማቻ ለማድረግ

ከሥራ የወጣ ሰርቨር እጃችሁ ከገባና ለቤት ፋይል ማከማቻነት ልታውሉት ካሰባችሁ፣ ከፕሮሰሰሩ በፊት ሃርድ ዲስኮቹ የተሰኩበትን የሬይድ ካርድ ተመልከቱ። ይህ ካርድ ብዙውን ጊዜ ዲስኮቹን አጣምሮ እንደ አንድ ስለሚያቀርባቸው፣ እንደ ዜድኤፍኤስ ያለ የፋይል ሥርዓት እያንዳንዱን ዲስክ በቀጥታ አይቶ የተበላሸውን መረጃ ለይቶ ማረም ይሳነዋል፤ ካርዱ ራሱ ቢበላሽ ደግሞ ተስማሚ ምትክ እስኪገኝ ድረስ ፋይሎቻችሁን መክፈት ላትችሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ካርዱ የሚፈቅድ ከሆነ ዲስኮቹን ሳያጣምር እያንዳንዱን በቀጥታ ወደሚያሳይበት ወደ ኤችቢኤ ሞድ ቀይሩት፣ ካልፈቀደም ዲስኮቹን እንዳሉ በሚያሳልፍ ሌላ ካርድ ተኩት። ሳታ በቤት ኮምፒውተሮች፣ ሳስ ደግሞ በሰርቨሮች የተለመዱ የዲስክ ማገናኛ ዓይነቶች ናቸው፤ የሳታ ዲስክ በሳስ ካርድ ላይ ይሠራል፤ የሳስ ዲስክ ግን በሳታ መሰኪያ ላይ አይሠራም።

በእኔ እምነት የአሮጌ ሰርቨር ትልቁ ጸጋ ስህተትን የሚያርመው የኢሲሲ ሚሞሪ ነው። አብረውት የመጡትን ዲስኮች ግን የስማርት መረጃቸውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ሳታዩ አትመኗቸው፤ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ የዲስኩ ክፍሎች) ቁጥር እየጨመረ የሚሄድበትን ዲስክ ወዲያውኑ አውጡት። ሬይድ ባክአፕን እንደማይተካም አስታውሱ። ሰርቨሩ 2 ፕሮሰሰሮች ካሉት አንዱን ማውጣት የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ይቀንሳል፤ ሆኖም ከወጣው ፕሮሰሰር ጋር የተያያዙት የሚሞሪና የካርድ መሰኪያዎች አብረው ሥራ ስለሚያቆሙ፣ የዲስክ ካርዱን አስቀድማችሁ ወደ ቀሪው ፕሮሰሰር መሰኪያ አዛውሩት።