የአዲስ መኪናን ዘይት በራስዎ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ሞተር በጥንቃቄ መያዝ ለባለቤቱ ከቀድሞው የበለጠ ጉዳይ ሆኗል። ዘይት መቀየር በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው ለአሮጌ መኪና የተለመደውን አሠራር በአዲሱ ላይ ስንደግመው ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» በሚል እምነት፣ 0ደብሊው-20 ለሚፈልግ ሞተር 20ደብሊው-50 መሙላት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን አፈሳሰስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት በሚያድርበት ማለዳ፣ ወፍራሙ ዘይት የሞተሩ የላይኛው ክፍል እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። «ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለምወርድ ወፍራሙ ይሻለኛል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሆኖም የሞቀን ሞተር ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ስለሆነ፣ የሮቢት ፀሐይ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ለመሻር በቂ ምክንያት አይሆንም። መመሪያው እንደ አየሩ ጠባይ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ካለው በዚያው ይመሩ።

ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን አሟጦ መገልበጥም የተለመደ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ግን የሚይዙት ከ4 ሊትር በታች ነው። ትርፉ ዘይት በሚሽከረከረው ዘንግ እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ልኬቱን በሜዳ ላይ ያድርጉ። በደብረ ሲና ተዳፋት ላይ በቆመ መኪና የተነበበ ልኬት አይታመንም።

ከመኪናው ሥር ሲገቡ በክሪክ ብቻ መተማመን ሕይወት ያስከፍላል፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስገቡ። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ከመፍታትዎ በፊትም የሞተሩ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የካምቢዮውን ዘይት አፍስሶ፣ በሞተሩ ላይ ሌላ ዘይት የደረበ ሰው አውቃለሁ። መልሰው ሲያስሩ በጉልበት አያጥብቁት፤ የብዙ አዳዲስ መኪኖች ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) አሉሚኒየም በመሆኑ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል። የቡሎኑን ሮንዴላም አዲስ ያድርጉ።

ስለ ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያው) የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን አሰርኩ፤ ሞተሩን ባስነሣሁ በደቂቃ ውስጥ አዲሱ ዘይት ከመኪናው ሥር እንደ ጎርፍ ወጣ። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ከሞተሩ ፊት ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ በላዩ ሌላ ቀለበት ደርቤበት ኖሯል። ቀለበቱ በዘይት ጠቁሮ ብረቱን ስለሚመስል ዓይን ያታልላል፤ ስለዚህ ጠርጎ በጣት ጫፍ ዙሪያውን መዳሰስ ይሻላል። አዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት አርሰው፣ በእጅ ብቻ ያጥብቁ። የፕላስቲክ ክዳን ያለው ዓይነት ከሆነ የማጥበቂያው ልክ ብዙ ጊዜ በክዳኑ ላይ ተጽፏል።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የጥገና ማስታወሻ ወደ ዜሮ መመለስም አይርሱ። የተቃጠለውን ዘይት ግን ምስጥ ይከላከላል ብሎ የአጥር እንጨት መቀባት ወይም ወደ በሬሳ ወንዝ መድፋት፣ ከብት የሚጠጣውን ውኃና መሬቱን መመረዝ ነው፤ በተከደነ ጀሪካን አጠራቅመው የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ።