ጣሊያን ሄዶ ለመማር ወረቀቱን በተራው እንዴት እንጨርሳለን?

ጣሊያን የሚማር ሐበሻ አግኝታችሁ ምን እንደከበደው ብትጠይቁት፣ ትምህርቱን ከማንሳቱ በፊት ስለ ወረቀት ያማርራል። እውነቱን ነው። ቦሎኛ፣ ፓዶቫ፣ የሚላኖና የቶሪኖ ፖሊቴክኒኮ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ አላቸው፤ ቋንቋው በር አይዘጋም። ራስ የሚያዞረው አንዱ ወረቀት ሳይያዝ ሌላው አለመገኘቱ ነው።

አንድ፦ ስም። ጣሊያኖች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ በሁሉም ፎርም ላይ ገልብጡ። ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው ባለ 16 ፊደልና ቁጥር መለያ ከስማችሁም ነው የሚሠራው። አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም ከገባ ባንክ ሂሳብ ለመክፈት እንኳን ትቸገራላችሁ።

ሁለት፦ ማመልከቻ። ዩኒቨርሲቲው ከተቀበላችሁ በኋላ ኡኒቨርሲታሊ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ትመዘገባላችሁ። ቀጥሎ ኤምባሲ ሄዳችሁ ዲ የሚባለውን የረጅም ጊዜ ቪዛ ትጠይቃላችሁ። ለዲግሪያችሁ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የኤምባሲውን ዲኪያራትሲዮኔ ዲ ቫሎሬ (የዲግሪውን ዋጋ የሚገልጽ ደብዳቤ)፣ አንዳንዱ የውጭ አገር ዲግሪ የሚመረምረውን የጣሊያን ማዕከል የቺሜአን ማረጋገጫ ይፈልጋል። የትኛውን እንደሚፈልጉ ዩኒቨርሲቲውን በኢሜይል ጠይቁ፤ ወሬ አትስሙ።

ሦስት፦ ገንዘብ። እዚህ ጋ ረጋ በሉ። የጣሊያን ትልቁ ጥቅም የክልል ስኮላርሺፕ ነው። የሚሰጠው የቤተሰብ ገቢ ታይቶ ነው። ቶሪኖ ኤዲሱ፣ ቦሎኛ ኤርጎ የተባሉ የክልል ተቋማት ይሰጡታል፤ ከገንዘቡ ሌላ ሜንሳ (የተማሪዎች ምግብ ቤት) የሚበላበትና ዶርም የሚገኝበት ዕድል አለው። መስፈርቱን የያዘው ማስታወቂያ፣ እነሱ ባንዶ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ በበጋቸው ይወጣል። ያኔ ወረቀት ፍለጋ ከጀመራችሁ ግን አይደርስም።

የሚጠየቀው የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ ቤትና የባንክ ሂሳብ ነው። ከወረዳ፣ ከመሥሪያ ቤትና ከባንክ አውጥታችሁ ታስተረጉማላችሁ፣ ታረጋግጣላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘመኑ ላይ ነው። የኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ ጣሊያኖች የሚፈልጉት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ገቢ ነው፣ ያውም ባንዶው የጠቀሰውን ዓመት። አባታችሁ የደመወዝ ደብዳቤ ሲያስጽፉ ይህንኑ ያስጠቅሱ። ያለዚያ ወረቀቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ቀኑም ያልፋል።

ስኮላርሺፑ ሲፈቀድም ወዲያው እጅ አይገባም፤ በክፍያ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆን ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ስትከራዩ ደግሞ የተመዘገበ ውል ጠይቁ። ከሩቅ ለመጣ ተማሪ የሚከፈለው ስኮላርሺፕ ከፍ ይላል፤ ግን ያለ ውል አይሆንም። «ውሉ ይቅር፣ ዋጋ ልቀንስልህ» የሚል አከራይ አይጠፋም። አትስሙት።

አራት፦ ከደረሳችሁ በኋላ። በ8 የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። ስፖርቴሎ አሚኮ የሚባል መስኮት ያለበት ፖስታ ቤት ሄዳችሁ የፎርሙን ፖስታ በነፃ ውሰዱ። ሞልታችሁ፣ የ16 ዩሮ ቴምብር ለጥፋችሁ ስትመልሱ ደረሰኝና የአሻራ ቀጠሮ ይሰጣችኋል። ካርዱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ደረሰኙ በፈቃዱ ቦታ ያገለግላል። ቪዛው ካለቀ በኋላ በደረሰኝ ብቻ ጀርመን ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ እንዳትሉ። ፈቃዱ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራትም ያስችላል።

አምስት፦ ፈተና። ብዙው በቃል ነው። ውጤቱ ከ30 ሲሆን ማለፊያው 18 ነው። አስተማሪ ፊት ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ለተቆጠረበት ልጅ ይህ ትንሽ ያስደነግጣል። እዚያ ዝም ካላችሁ አላጠናም ነው የሚባለው። በየወቅቱ ከአንድ በላይ የፈተና ቀን አለ፤ ውጤቱ ካልጣማችሁም አብዛኛውን ጊዜ አልቀበልም ብላችሁ እንደገና መቀመጥ ትችላላችሁ። ግን ስኮላርሺፑ በመጀመሪያው ዓመት የተወሰነ ክሬዲት እንድትጨርሱ ያስገድዳል፤ ጎድሎ ከተገኘ የወሰዳችሁትን መልሱ ሊባል ይችላል። በጣም አታማርጡ።

የቃል ፈተና ለሕዝብ ክፍት ነው። ከቀናችሁ በፊት ሌላው ሲፈተን ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ፤ ፕሮፌሰሩ የትኛውን ጥያቄ እንደሚደጋግም ጻፉ።