የሲዲ ድራይቭ አልከፈት ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ድራይቩ እምቢ ሲለው የሚጨነቀው ለማሽኑ አይደለም፤ ውስጡ ተቆልፎ ለቀረው የሠርግ ዲቪዲ ነው። እውነቱን ነው። ድራይቭ ይተካል። ስለዚህ ዲስኩ ይቅደም።

ዲስክ ውስጥ ቀርቷል

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ዲስኩ መሽከርከሩን እስኪያቆም ጥቂት ታገሱ። ድራይቩ ፊት ላይ፣ ከትሪው (ዲስኩ ከሚቀመጥበት ተንሸራታች ሰሌዳ) በታች፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የወረቀት ክሊፕ ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። ትሪው ትንሽ ብቅ ሲል ቀሪውን በእጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ጥርሱን ይሰብራል።

ከመቆሙ በፊት የመሰበር ድምፅ ከተሰማ ግን ዲስኩ ሳይፈነዳ አልቀረም። 52 ኤክስ (ፊቱ ላይ 52x የሚል የፍጥነት ቁጥር ያለው) ድራይቭ በደቂቃ 10,000 ዙር ገደማ ስለሚያሽከረክር የተሰነጠቀ ዲስክ አይችለውም። ስብርባሪው ተራግፎ ሳይወጣ አታብሩት።

ቁልፉ ሲጫን ዝም ይላል

የድራይቩ መብራት ከበራ አንድ ፕሮግራም ዲስኩን ይዞት ሊሆን ይችላል። ሪስታርት አድርጉና ዊንዶውስ ሳይነሳ ቁልፉን ተጫኑ፤ ያኔ ከተከፈተ ድራይቩ ጤነኛ ነው። ካልሆነ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ድራይቩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ቀይሩ። ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት ነው። ብዙውን ጊዜ ሞተሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቢጫው ስለሆነ፣ መብራቱ እየበራ ሞተሩ ሊሞት ይችላል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ፓወር ሰፕላዩንም ጠርጥሩ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ትሪው አይነቃነቅም

አብዛኛው "ሞቷል" ተብሎ የሚጣል ድራይቭ እዚህ ነው ያለው። ትሪውን የምታስወጣው ትንሽ የጎማ ቺንጋ ስታረጅ ትላላለች፤ የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ፑሌጃው (የምትዞርበት ጎማ) ላይ ትንሸራተታለች።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባዶውን አልከፈት ብሎ ዲስክ ሲኖርበት ከከፈተ ጥፋቱ የቺንጋዋ ነው። ዲስኩን ከላይ የሚይዝ ማግኔት አለ፤ መሃል ላይ ዲስክ ከሌለ ከታች ካለው ብረት ጋር በጣም ይጣበቃል፣ የላላች ቺንጋ ደግሞ ልታላቅቀው አትችልም።

ትሪውን በክሊፕ አውጥታችሁ የፊቱን ፕላስቲክ ንቀሉ፣ ከሥር ያሉትን አራት ብሎኖች ፍቱ። ቺንጋዋን አውጥታችሁ እሷንም ፑሌጃውንም በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ። በፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ያጠብቃታል፤ ግን ጊዜያዊ ነው፣ ያንን ዕድል ዲስኮቹን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ተጠቀሙበት። የብር መያዣ ላስቲክ የሚያስሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ቶሎ ይበጠሳል። ዘይት ደግሞ ቺንጋዋ አጠገብ አይድረስ።

ትሪው ግማሽ ላይ ይቆማል

ዲስኩ ከቦታው ተንሸራቷል፣ ወይም የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ ተወትፏል። መልሳችሁ ገፋ አድርጉና ድጋሚ ሞክሩ።

ሁሉም ካልሠራ ከቁራሌው ወይም ከምናለሽ ተራ ያገለገለ መግዛት ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጀርባውን እዩ። የእናንተው ሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል ካለው አይዲኢ ነው፤ ቀጭን ኬብል የሚወስደው ሳታ አይገጥምለትም።