የ80ዎቹን የጃፓን ፖፕ ከየት ጀምሮ፣ እንዴት ማዳመጥ ይሻላል?

ዩቲዩብ አንዴ የቆየ የጃፓን ዘፈን ካመጣላችሁ፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ የሚመስል ነው የሚያከታትለው። ደስ ይላል። ግን አሥር አሥራ አምስት ዘፈን ከሰማችሁ በኋላ እዚያው በዚያው መዞር ይጀምራል። ይህን የምጽፈው እዚያ ላይ ለቆማችሁና ገና ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የማትሱባራ ሚኪን «ማዮናካ ኖ ዶአ» ክፈቱ። የእኩለ ሌሊት በር እንደማለት ነው። የወጣው በ1979 መጨረሻ ስለሆነ በጥብቅ ከተቆጠረ የ80ዎቹ አይደለም፤ መንፈሱ ግን የ80ዎቹ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከሰማችሁት ቤዝ ጊታሩ ይጠፋል፣ ቤዙ ጠፋ ማለት ደግሞ የዘፈኑ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። አንዴ ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት፣ ከዚያ የግጥሙን ትርጉም ፊታችሁ አድርጋችሁ ድገሙት። ሴትየዋ የምታውቀው ግራጫ ጃኬት ላይ የቡና እድፍ ታያለች፤ ዛሬም ያው ነህ ትለዋለች። ስለ ሰውየው ሌላ ብዙ አትነግረንም፣ እድፏ ትበቃለች። ከዚያ አዝማቹ ይመጣና በሩን እየደበደበች፣ አትሂድብኝ ብላ ያለቀሰችበት ጊዜ ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። ሚኪ በ2004፣ በ44 ዓመቷ፣ በካንሰር አረፈች። ዘፈኗ ዓለምን ያዳረሰው በ2020 ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

ቀጥሎ የታኬኡቺ ማሪያ «ፕላስቲክ ላቭ»። የ1984 አልበሟ ላይ ያለ ዘፈን ነው፤ ግጥሙም ዜማውም የራሷ፣ ቅንብሩ የባለቤቷ የያማሺታ ታትሱሮ። በፍቅር ተጎድታ ከዚያ በኋላ ፍቅርን እንደ ጨዋታ የያዘች ሴት ናት የምትዘፍነው። ሲወጣ እዚህ ግባ የሚባል ተወዳጅነት አልነበረውም። በ2017 አንድ አድማጭ ዩቲዩብ ላይ ከጫነው በኋላ ነው በሚሊዮኖች የታየው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው የ80ዎቹ ጃፓንና ጃፓኖቹ ራሳቸው የሚናፍቁት የ80ዎቹ ጃፓን አንድ አይደሉም። በዚያ ዘመን ወጣት የነበረ ጃፓናዊ በትዝታ የሚያነሳላችሁ ሐሙስ ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየውን «ዘ ቤስት ቴን» የተባለ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ማትሱዳ ሴይኮን እና ናካሞሪ አኪናን ነው። ሴይኮ በ1980 ብቅ አለችና 24 ነጠላ ዜማዎቿ በተከታታይ አንደኛ ወጡ። አኪና በ1982 መጣች፤ የጃፓንን ትልቁን የዘፈን ሽልማት በ1985 እና በ1986 አከታትላ ወሰደች። ከሴይኮ «አኦይ ሳንጎሾ»ን (1980) አስቀድሙ፤ ድምፅዋ ገና ከመጀመሪያው እንደ በጋ ሰማይ ወለል ብሎ ነው የሚከፈተው። ከአኪና ግን ድምፁ ብቻ አይበቃም፣ የ1986ቱን «ዲዛየር» የመድረክ ቪዲዮውን እዩ። ኪሞኖ መሰል ልብስ ለብሳ፣ አጭር ዊግ አድርጋ፣ ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ! ለኔ ከሁሉም አኪና ትበልጥብኛለች። «የቴሌቪዥን ቆንጆዎች ናቸው» ብላችሁ እንዳትዘልሏቸው፤ ከጀርባቸው የነበሩት ደራሲዎች ያገሪቱ ምርጦች ነበሩ።

ዋናውም ዘዴ ይኸው ነው፤ ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ግጥምና ዜማ ሠሪውን ተከተሉ። የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ አበበ መለሰ» የሚለውን አይቶ ካሴት የገዛ ሰው ይህን ማንም ሊያስረዳው አይገባም። የጃፓን ዘፈኖችም ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብለው ለየብቻ ይጽፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው ሥር ታገኙታላችሁ። «ማዮናካ ኖ ዶአ»ን የገጠመችው ሚኡራ ዮሺኮ ናት። የሴይኮን «አኦይ ሳንጎሾ»ም እሷ ናት የገጠመችው። አንሪ በ1983 ያወጣችውን «ካትስ አይ»ም እሷው! የ«ማዮናካ ኖ ዶአ» ዜማ ባለቤት ሃያሺ ቴትሱጂ ደግሞ እዚያው 1983 ላይ ለአንሪ «ካናሺሚ ጋ ቶማራናይ»ን ሠርቷል። ጓደኛዋን ከፍቅረኛዋ ጋር አስተዋውቃ የተነጠቀች ሴት ታሪክ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐዘን በዚያ ዓይነት አስጨፋሪ ምት መስማት ይገርማል። የማትሱሞቶ ታካሺን ስም ካያችሁም አትለፉት፤ የሴይኮን «አካይ ስዊት ፒ» (1982) እና የኦታኪ ኤኢቺን «ኤ ሎንግ ቫኬሽን» አልበም (1981) የሚበዙትን ግጥሞች የጻፈው እሱ ነው። እንዲህ ከስም ወደ ስም ስትሄዱ ዩቲዩብ በራሱ የማያመጣላችሁን ታገኛላችሁ።

ስትፈልጉ በላቲን ፊደል ብቻ አትጻፉ። አንዱን ዘፈን ካገኛችሁ የዘፋኙን ስም በጃፓንኛው ኮፒ አድርጋችሁ መፈለጊያው ላይ ለጥፉት፣ የሚመጣው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የቤተሰብ ስም የሚቀድመው በጃፓንኛ ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፣ አንድ ሰው ሁለት እንዳይመስላችሁ። ያማሺታ ታትሱሮን ስፖቲፋይ ላይ ብታጡት አትገረሙ፤ ሥራዎቹን እንዲህ ያሉ መድረኮች ላይ ላለመልቀቅ ለረጅም ጊዜ የጸና ሰው ነው። የ1982 አልበሙ «ፎር ዩ» ግን በ2023 በሸክላና በካሴት እንደገና ታትሟል፤ ጃፓን የሚሄድ ሰው ካላችሁ አስመጡት።

አብሮ መዝፈን ለምትፈልጉ፣ ግጥሙን በፊደላችን ጻፉት። ካና የሚባለው የጃፓንኛ የድምፅ ፊደል እንደኛው ፊደል ተነባቢና አናባቢውን በአንድ ምልክት ነው የሚይዘው። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ብላችሁ ብትጽፉ ከላቲኑ ይልቅ ቶሎ አፋችሁ ውስጥ ይገባል። ያለ አናባቢ ብቻውን የሚቆመውን ድምፅ በ«ን» ጻፉት፤ ራሱን የቻለ አንድ ምት ስለሚወስድ አትዋጡት። የሚረዝመውን አናባቢ ደግሞ ድገሙት፤ «ሳንጎሾ» ሲዘፈን «ሳንጎሾኦ» ነው።

ፖፑን ጠገብ ስትሉ ኤንካ ወደሚባለው የጃፓን የትካዜ ዘፈን እለፉ። ሰው የሽማግሌ ዘፈን ይለዋል፣ ለኛ ጆሮ ግን ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። ብዙ የኤንካ ዘፈኖች የተሠሩበት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት) የኛው ትዝታ ማይነር ነው። ከዘፋኟ ኢሺካዋ ሳዩሪ ጀምሩ። ክራር ያላችሁ ደግሞ ትዝታ ማይነር ቃኙና በእሷ ድምፅ ልክ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ አብራችሁ ሞክሩት፤ አንዳንድ ቦታ ዜማው ከቅኝቱ ወጣ ቢልባችሁም ዝም ብላችሁ ቀጥሉ፣ ወዲያው ይመለሳል።