ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ለእረፍት ሲሄዱ፦ ክፍል ከመያዝ እስከ ውሃ መግባት

ዋና የተማርኩት በመዋኛ ገንዳ ነው። ሳልቆም ሃያ ጊዜ እየተመላለስኩ እዋኝ ስለነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሕር ስሄድ ያሳሰበኝ የሆቴሉ ጉዳይ እንጂ የውሃው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ግን ባሕሩ ራሱ አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ የጉዞዬን ዝግጅት የምጀምረው ከውሃው ነው። የትኛውን ክፍል እንደምይዝ፣ በስንት ሰዓት እንደምወጣ፣ ምን እንደምሸክፍ የምወስነው የባሕሩን ጠባይ ካወቅሁ በኋላ ነው።

1. ወቅቱንና ክፍሉን መምረጥ

ባሕር ከየብስ ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የበጋው ግርግር ጋብ ካለ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሃው ገና ሙቅ ሆኖ ሰው ይቀንሳል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ጊዜ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይጠይቁ፦ የነፍስ አድን ጠባቂዎቹ እስከ መቼ ይሠራሉ? በብዙ ዳርቻዎች ዋናው ወቅት ሲያበቃ እነሱም ሥራ ያቆማሉ።

ክፍል ሲይዙ “ባሕር ዳር” የሚለውን ቃል ብቻ አይመኑ። ባሕር ዳር ማለት አለታማ ገደል ወይም የዕቃ ወደብ አጠገብ ማለትም ሊሆን ይችላል፤ በሆቴሉና በአሸዋው መካከል ሰፊ አውራ ጎዳና ሊያልፍም ይችላል። የአካባቢውን የሳተላይት ምስል ከፍተው አሸዋው የት እንደሚጀምር፣ ወንዝ በየት በኩል ወደ ባሕር እንደሚገባ ይዩ። ወንዝ የሚቀላቀልበት ቦታ ጅረት ስላለበትና ከዝናብ በኋላም ውሃው ስለሚደፈርስ ለዋና አይመከርም። ባሕሩ በመስኮት ከሚታይበት ክፍል ይልቅ፣ ምንም የማይታይበት ሆኖ ጠባቂ ወዳለበት ዳርቻ በአምስት ደቂቃ በእግር የሚያደርሰው ይሻላል እላለሁ።

2. ሻንጣ

ሁለት የዋና ልብስ (በባሕር አየር እርጥብ ልብስ ቶሎ አይደርቅም)፣ ክንፈ ሰፊ ባርኔጣ፣ ስስ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ የውሃ ጫማ። ስልክዎ ውሃ አያስገባም ቢባልም አይዘናጉ፤ የዚህ ዓይነቱ ሙከራ የሚደረገው በንጹህ ውሃ ነው፣ የባሕር ጨው ደግሞ የቻርጀር መሰኪያውን ይበላዋል። ውሃ የማያስገባ ከረጢት ከገዙ መጀመሪያ ሶፍት ከትተው ባልዲ ውስጥ ይንከሩት፤ ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ ስልኩን ያስገቡ። በአየር የሚነፉ ፍራሾችንና መጫወቻዎችን ግን ቤት ይተዉ። ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ሕፃን እንደተቀመጠባቸው ይዟቸው ይሄዳል፣ ተከትሎ የሚዋኝም አይደርስባቸውም።

3. የውሃውን ሙላትና ጉድለት ማወቅ

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ የትናንቱን ይዘው አይውጡ። ልዩነቱ ከቦታ ቦታ እጅግ ይራራቃል፦ በሜዲትራኒያን አብዛኛው ክፍል ከጉልበት አያልፍም፣ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በገደል ሥር ባለ አሸዋ ለመራመድ ካሰቡ ሰዓቱን ከሆቴሉ ይጠይቁና ውሃው እየጎደለ ሳለ ይሂዱ፤ መሙላት ሳይጀምር ይመለሱ።

4. ፀሐይ

ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ከባዱ ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ቆዳን ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠልዎ የሚታወቅዎት ማታ ነው። ጥላ ሥር ቢሆኑም አሸዋው ጨረሩን መልሶ ይረጫል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከመውጣትዎ በፊት ይቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይድገሙት።

5. ውሃ መግባት

መጀመሪያ ባንዲራ ይፈልጉ። ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ካሉ መዋኛው በሁለቱ መካከል ነው። ቀይ ብቻውን ከባድ አደጋ፣ ሁለት ቀይ ውሃው ዝግ፣ ሐምራዊ ደግሞ እንደ ጄሊፊሽ ያሉ የሚናደፉ እንስሳት አሉ ማለት ነው። ቀለሙ በአንዳንድ አገር ስለሚለያይ ሰሌዳውን ያንብቡ።

በሦስተኛው ቀን የደረሰብኝ ይህ ነው። በባንዲራዎቹ መካከል ሰው በዝቷል፣ ሞገዱም እየተሰበረ አረፋ ያነሳል። ከዚያ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለና ጸጥ ያለ ውሃ አየሁ። ሰላማዊ መስሎኝ ገባሁ። ወገቤ ጋ ሲደርስ እግሬ ከአሸዋው ለቀቀ። ዞሬ ወደ ዳር መዋኘት ጀመርኩ፤ በርትቼ ብዋኝም አሸዋው ላይ የተውኩት ፎጣ እየራቀ ሄደ። ይበልጥ በረታሁ፣ ይበልጥ ደከምኩ፣ ውሃም ዋጥኩ። አንድ ጠባቂ ከዳር ሆኖ ሁለት እጁን ወደ ጎን እየዘረጋ ሲጮህ ባላየው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ያ ጸጥታ ራሱ የአደጋው ምልክት ነበር። ሞገድ ውሃ ወደ ዳር ሲገፋ ያ ውሃ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል፤ በባሕሩ ወለል ካለው የአሸዋ ጉብታ መካከል ክፍተት ሲያገኝ በዚያ በኩል ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። ክፍተቱ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ አይሰበርበትም፣ ስለዚህ ከዳር ለሚያይ የተረጋጋ ይመስላል። ሪፕ ከረንት የሚባለው ይህ ጅረት ሲበረታ በሴኮንድ እስከ 2.5 ሜትር ይጓዛል፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛም ፊት ለፊት ገጥሞ አይረታውም።

ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ቆመው አሥር ደቂቃ ውሃውን ይመልከቱ። በሚሰበሩ ሞገዶች መካከል ጠቆር ያለ መስመር፣ አረፋ ወይም የደፈረሰ አሸዋ ወደ ውጭ ሲጓዝ ካዩ ያንን ስፍራ ይተዉ። ሰው ሁሉ ትቶት የሄደ ባዶ ቦታ ካገኙም ለምን እንደተተወ ይጠይቁ።

ከተያዙ ደግሞ ይህን ያስታውሱ፦ ጅረቱ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አያሰምጥም። የሚያሰምጠው ድካምና ድንጋጤ ነው። በጀርባዎ ይንሳፈፉ፣ ይተንፍሱ፣ አንድ እጅ አንሥተው እርዳታ ይጥሩ። አቅም ካለዎት ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆነው ወደ ጎን ይዋኙ፤ ብዙውን ጊዜ ጅረቱ ጠባብ ነው። ሞገድ ወደሚሰበርበት ሲደርሱ በሰያፍ አቅጣጫ ወደ ዳር ይመለሱ፣ ሞገዱም ያግዝዎታል። አልወጣ ካለ እየተንሳፈፉ ይጠብቁ፤ ከሞገዱ ባሻገር ጅረቱ አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል። ሌላ ሰው ተይዞ ካዩ ባዶ እጅዎን ሆነው ተከትለውት አይግቡ። ጠባቂ ይጥሩ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩለት።

ጥልቀቱን ወደማያውቁት ውሃ በጭንቅላት ዘሎ መግባትም ክልክል ይሁንብዎ፤ ትናንት ጥልቅ የነበረው ዛሬ አሸዋ ሞልቶት ይሆናል።

6. ጄሊፊሽ ከነደፈ

ቦታውን አይሹት፣ በንጹህ ውሃም አይጠቡት። በባሕር ውሃ ያለቅልቁት፣ ቆዳው ላይ የቀረውን የጄሊፊሹን ክር በእጅዎ ሳይነኩ በወረንጦ ያንሱ፣ ከዚያ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ይንከሩት። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ ወዲያው ወደ ሕክምና። የአንዳንድ ባሕር ዝርያዎች ገዳይ ስለሆኑ የአካባቢው ጠባቂ የሚለውን ያስቀድሙ።

7. የመመለሻው ቀን

የአየር ሲሊንደር ይዘው ጠልቀው ከነበረ ከአንድ ጊዜ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አይብረሩ። በደም የተሟሟው ናይትሮጅን የአየር ግፊት ሲቀንስ አረፋ ይሠራል። በመኪና ወደ ከፍተኛ ተራራ መውጣትም ግፊቱን ስለሚቀንስ፣ መመለሻዎ ሽቅብ ከሆነ የመጨረሻውን ቀን ከመጥለቅ ነፃ ያድርጉት።