«ክላሱ አይታመንም» ሲላችሁ ኮከብ (*) አታስገቡ

ምልክቱ፦ በፕሮግራሞች መካከል መልእክት የሚያመላልሰውን የአክቲቭኤምኪው (ActiveMQ) አዲስ ላይብረሪ ጫናችሁ፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ሥራ አቆመ። ሎጉ «ክላሱ አይታመንም» እያለ ይጮሃል። መልእክቱ ደጋግሞ ይሞከርና መጨረሻ ላይ ዴድ ሌተር ኪው (ያልተሳኩ መልእክቶች ማጠራቀሚያ) ውስጥ ይገባል።

ምክንያቱ፦ ምንም አልተበላሸም። የድሮዎቹ ስሪቶች በኦብጀክት ሜሴጅ (የጃቫ ኦብጀክት እንዳለ ታሽጎ በሚላክበት መልእክት) የመጣላቸውን ሁሉ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ይከፍቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ የደህንነት ቀዳዳ ተብሎ ተመዘገበ። ከ5.13.0 ወዲህ የምታምኗቸውን ፓኬጆች (የክላሶች ስብስቦች) መዘርዘር አለባችሁ።

መፍትሄው፦ የመልእክት ክላሶቻችሁ ያሉበትን ፓኬጅ ሙሉ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ጻፉ። በቃ።

ግን ማን ይሰማል! በየሄድኩበት በዝርዝሩ ቦታ የማገኘው የኮከብ ምልክቷን ነው። ሲስተሙ ቆሟል፣ አለቃ አናት ላይ ቆሟል፣ አንዱ ኮከቧን ከኢንተርኔት ገልብጦ ይለጥፋል። ሁሉም ክላስ ታመነ ማለት ነው። ስህተቱ ይጠፋል፣ ቀዳዳው ይመለሳል፣ «ለጊዜው ነው» የተባለውም እዚያው ያረጃል። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ካጣችኋት ኮዱ ውስጥ «ትረስት ኦል ፓኬጅስ» የሚለውን ፈልጉ፤ ሥራው ያው ነው።

አንድ ቦታ «ኮከቧን አውጡ» ብዬ ሄድኩ። ስመለስ በእርግጥም የለችም። በምትኳ «ኦርግ» የምትል ቃል ብቻዋን ተቀምጣለች! ማጣሪያው የፓኬጁን ስም መነሻ ነው የሚያየው፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ያልፋል። የጃቫ ላይብረሪዎቹ ስፕሪንግም፣ አጥቂዎች የሚወዱት ኮመንስ ኮሌክሽንስም ስማቸው በኦርግ ይጀምራል።

ሌላ ቦታ ደግሞ ሎግ አሳዩኝ፤ የደንበኛ ትዕዛዝ ሲጠበቅ ፕራዮሪቲ ኪው (ሌላ የጃቫ ክላስ) መጥቶ ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን (የመጣው ክላስ የተጠበቀው አይደለም የሚል ስህተት) ተጥሏል። «ያዝነው» ይላሉ። ምኑን ያዛችሁት? ተንኮሉ የሚሠራው ኦብጀክቱ ሲከፈት ነው፤ ካስት የሚመጣው ከዚያ በኋላ። እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ ማሽኑ ተነክቷል ብላችሁ ምርመራ ጀምሩ።

ልብ በሉ፦ ብሮከሩን (መልእክቱን የሚያስተላልፈውን ሰርቨር) ብቻ ማስተካከል አይበቃም። መልእክቱ ተቀባዩም ጋ ይከፈታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ተቀባይ እዩ፤ ማታ ማታ ሪፖርት የሚያወጣውን፣ ሁሉም የረሳውን ትንሽ ፕሮግራም ጭምር። ከተቻለ ኦብጀክት መላኩን ትታችሁ ጄሰን (JSON) በጽሑፍ ላኩ። ጄሰኑም የክላስ ስም ከመልእክቱ አንብቦ የፈለገውን እንዲፈጥር ካደረጋችሁት ግን ምንም አልሸሻችሁም።

ብሮከሩ ራሱ ከማይታወቅ አድራሻ ኤክስኤምኤል የሚጎትት ከሆነ የ2023ቱ የኦፕንዋየር (የአክቲቭኤምኪው መገናኛ ፕሮቶኮል) ቀዳዳ ነው። የታመኑት ዝርዝር አያድናችሁም። ወደ 5.15.16፣ 5.16.7፣ 5.17.6 ወይም 5.18.3 እና ከዚያ በላይ ከፍ በሉ። የብሮከሩ ፖርት 61616 ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ካገኘሁት እኔ መጀመሪያ እሱን ነው የምዘጋው።

በፓይተንም ያው ነው፦ ሰለሪ (ሥራ የሚያከፋፍል የፓይተን ፕሮግራም) ላይ ፒክል (የፓይተን ኦብጀክት ማሸጊያ) ተፈቅዶ ካያችሁ አውጡት፤ ከ4.0 ጀምሮ ማንም ካልነካው ጄሰን ነው የሚጠቀመው።