ሸርፓ ቤት እራት ከተጠራችሁ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሩ

ኔፓል ሄዳችሁ፣ ኤቨረስት ሥር ኩምቡ የሚባለው አካባቢ ሸርፓ (የዚያ ተራራማ አገር ሕዝብ) ቤት እራት ብትጠሩ "ይሄማ የኛው ቤት ነው" ማለታችሁ አይቀርም። አያት አለ፣ የልጅ ልጅ ይንጫጫል፣ እናትየዋ ሳትቀመጥ ጭልፋ ይዛ ትዞራለች፣ ጓዳ ውስጥ በሶ አለ (እነሱ "ጻምፓ" ይሉታል)። እንዲህ ቤተኛ ሲሆኑ ነው እንግዲህ እጅ በልማድ የሚሄደው።

ከሁሉም የሚከፋው ጉርሻ ነው። ኔፓል ውስጥ አፍ ወይም የተበላበት ሳህን የነካው ምግብ "ጁቶ" ይባላል፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ከሳህናችሁ ጠቅልላችሁ አጠገባችሁ ያሉትን አዛውንት "በሞቴ" ብትሏቸው፣ እናንተ ፍቅራችሁን ገለጣችሁ፣ ለእሳቸው ግን የቀረበላቸው ትራፊ ነው። የላሳችሁትን ማንኪያ የጋራ ድስት ውስጥ መመለስም ያው ነው። የቀኝ እጁ ነገር እንደኛው ስለሆነ እሱን ታውቁታላችሁ።

ገብቶ ዘው ብሎ መቀመጥም አለ። በድሮው ቤት መደቡ በመስኮቱ በኩል የተዘረጋ ነው፣ ለምድጃው የሚቀርበው የቤቱ ትልቅ ሰው ቦታ ነው፣ ሌላው በማዕረግ ወደ ታች ይደረደራል። ቆም በሉ፣ ያስቀምጧችኋል። ሶፍትም ሆነ አጥንት ደግሞ እሳቱ ውስጥ አትጣሉ። ምድጃው የተከበረ ነው፣ የቤቱን አማልክት ያስቀይማል ይባላል።

መጠጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ቻንግ" የሚሉት ጠላ መሳይ ነገር አለ፣ ከገብስ፣ ከሩዝ ወይም ከዳጉሳ የሚጠመቅ። "ሼ፣ ሼ" እያሉ ይቀዱላችኋል፣ "ጠጡ እንጂ" እንደማለት ነው። ጭልጥ ካደረጋችሁት ወዲያው ይሞላል፣ ድርቅ ብላችሁ እንቢ ካላችሁም ቅር ይላቸዋል፣ ስለዚህ መላው ፉት ፉት እያሉ ብርጭቆው እንዳይጎድል ማድረግ ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ ላይ መጠጣት አይከብደንም ብላችሁ እንዳትኩራሩ። እዚያው ኩምቡ ያለችው ኩምጁንግ መንደር 3,790 ሜትር ላይ ነች፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። ሻዩ ጨውና ቅቤ ስላለው ስኳር አትጠይቁ፤ ቡና በቅቤ የለመደ ሰው አይቸገርም።

አንድ የሐበሻ ደግነት ደግሞ አለ፦ "በግ ልግዛና ይታረድ!" ተዉት። ቡድሂስቶች ናቸው። ሥጋ ይበላሉ፣ "ሽያክፓ" የሚባለው የድንችና የሊጥ ሾርባቸው ውስጥም ይገባል፣ ግን ኩምቡ ውስጥ ማረድ ነውር ነው፤ ሥጋው ከታች ከቆላ በሰው ጀርባ ተጭኖ ይመጣል።

"የያክ ወተት ነው?" ካላችሁ ይስቁባችኋል። ያክ የሚባለው የዚያ ጸጉራም የተራራ ከብት ወንዱ ነው፣ ሴቷ "ናክ" ናት።

አባወራውን "ኤቨረስትን ስንት ጊዜ ወጣህ?" ብሎ መጀመርም አይመከርም። ሸርፓ ማለት ሕዝብ እንጂ የተራራ ሥራ አይደለም፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ መነኩሴው ሁሉ ሸርፓ ነው። ስም ስትጠሩም ረጋ በሉ። ብዙዎቹ የሚሰየሙት በተወለዱበት ቀን ነው፦ ሰኞ ዳዋ፣ ረቡዕ ላክፓ፣ አርብ ፓሳንግ፣ ለወንድም ለሴትም። ቤቱ ሞልቶ ሳለ "ፓሳንግ!" ብትሉ አያትየውም፣ ሙሽሪትም፣ ሕፃኑም ዞር ሊሉ ይችላሉ።